ቀለሙ የአንዱ፣ ደሞዙ የሌላው

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እዚህ አሜሪካ በአንድ አነስተኛ አየር መንገድ የሆስተስነት ሥራ አግኝቻለሁ። አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው ግን የትልቁ ስም ነው። ለውጥ አለው?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ስል አንድ ሰማያዊ ጃኬት ትዝ አለኝና እጄን ያዘኝ።

እኔም እዚሁ አገር በአንድ ትንሽ ኤርፖርት ጌት ላይ ሠርቻለሁ። ጃኬታችን ላይ የትልቁ አየር መንገድ ምልክት አለ። ደሞዝ የሚከፍለን ግን ተሳፋሪው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ሌላ ድርጅት ነው። ሥራውን ያስለመደችኝ ሴት 18 ዓመት እዚያው በር ላይ የቆመች ነበረች። በረራ ሲዘገይ ማይክራፎን አታነሳም። መጀመሪያ ቀጣይ በረራ ሊያመልጣቸው የሚችሉትን ሰዎች ስም በአሮጌ ቦርዲንግ ፓስ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ አንድ በአንድ ሄዳ አጠገባቸው ቁጢጥ ትላለች። «ለተቀመጠ ሰው ቆመህ ክፉ ወሬ አትንገረው» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ኮንትራቱ ዋጋ ለሰበረ ሌላ ድርጅት ተሰጠ ተባለ። መቀጠል የፈለገ ያመልክት፤ ግን እንደ አዲስ ተቀጣሪ። የእሷ 18 ዓመት ዜሮ ሊሆን ነው። የደሞዝ እርከኑ፣ የፈረቃ ምርጫው፣ የበዓል ዕረፍቱ፣ ሁሉም። የእኔ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ብዙም አይጎዳኝ። «አብረን አለቆቹ ጋ ገብተን ዓመታችን ይቆጠርልን እንበል። ሁላችንም እምቢ ካልን ሰኞ በሩን ማን ይከፍትላቸዋል?» አለች። እሺ አልን። እኔማ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ማታ ቤቴ ገብቼ የማመልከቻ ቅጹን ሞላሁት።

እሷ አልሞላችም። የመጨረሻ ቀኗ ጃኬቷን አጣጥፋ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። እኔ የጠፋ ሻንጣ የምፈልግ መስዬ ዕቃ ክፍል ተደብቄ ነበር። ሰኞ በዚያው ጃኬት፣ በዚያው በር ቆምኩ። ተሳፋሪው ምንም ልብ አላለም። አንድ የሚመላለስ ሽማግሌ ብቻ «ያቺ ሴትዮ የት ሄደች?» አለኝ። «ዕረፍት ላይ ናት» አልኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ቲኬቱን ይሸጣል፣ የበረራ ሰዓቱን ይወስናል፣ ብዙ ጊዜ ነዳጁንም ይችላል። ትንሹ ሠራተኛውን ይዞ ይበርራል፤ ወንበሩ ሞላም ባዶ ሆነም በበረራው ልክ ይከፈለዋል። ታዲያ ከየት ይቆጥባል? ከሰው ነዋ። ሠራተኛው በቆየ ቁጥር ደሞዙ ይጨምራል። ያኔ ኮንትራቱ አዳዲስ ልጆች ወደቀጠረው ይሄዳል። ትልቁ ዴልታ የራሱ የነበረውን ትንሹን አየር መንገድ ኮሜየርን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጋ፣ ሌላ አየር መንገድ የገባው አብራሪ ከአገልግሎት ዘመን ዝርዝሩ ግርጌ ነው የጀመረው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የወደቀው አውሮፕላን በትልቁ አየር መንገድ በኮንቲኔንታል ስም ነበር የሚበርረው። የሚያበርረው ግን ትንሹ ኮልጋን ኤር ነበር። 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነስታ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ነበር ሥራ የገባችው። በኋላ ሕግ ወጣና ቲኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ በረራውን የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው እንዲያሳይ ተገደደ። ማን ያነበዋል? እናንተ የዛሬ ልጆች እንኳን የሌላውን ቲኬት፣ የራሳችሁን የቅጥር ውል አታነቡም። ከሎጎው ጋር ፎቶ ተነስቶ ለመለጠፍ ግን የሚቀድማችሁ የለም።

ልጄ፣ ኮንትራቱ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቂ። ሲያልቅ ዓመትሽ ምን እንደሚሆን ጠይቂ። ሰዓትሽ ከመቼ እንደሚቆጠርም እንዲሁ፤ በአንዳንድ ቦታ የአውሮፕላኑ በር እስኪዘጋ ድረስ የምትደክሚው በነጻ ነው። አትግቢ ልልሽ ነበር። ግን እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ እንጀራ ነው፤ ከትንሹ ጀምረው ትልቁ ጋ የደረሱም ብዙ አውቃለሁ። እንግዲህ ግቢ።

ያ ሽማግሌ ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። «ዕረፍቷ ረዘመ» አለኝ። ቀና ብዬ ሳላየው ቦርዲንግ ፓሱን ስካን አድርጌ አሳለፍኩት።