ዘሩን ከመውቀሳችሁ በፊት

ግብርና ተምራችሁ ሥራ የጀመራችሁ ልጆቼ፣

«የኛ ዝርያ አይረባም፣ የውጭውን እናምጣ» ስትሉ እሰማለሁ። እንዲህ ስትሉ ትዝ የሚለኝ ማቭሩድ ነው።

ማቭሩድ የቡልጋሪያ አገር በቀል ጥቁር ወይን ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደዚያ ከተላክነው አንዱ ነኝ፤ ከማቭሩድ ጋር የተዋወቅሁትም ፕሎቭዲቭ ከተማ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ሄድ ሲሉ፣ ሮዶፒ ተራሮች ግርጌ፣ አሰኖቭግራድ አለች። ዋና አገሩ እሷ ናት። ካን ክሩም የሚባል ንጉሥ ወይኑ ሁሉ ይነቀል ብሎ ሲያዝ፣ አንዲት እናት ደብቃ ያተረፈችው ነው ይላሉ። ወይኑ በስሙ የተጠራለት ልጇ ማቭሩድ አንበሳ ገድሏልም ይባላል። አንበሳውን እንኳ ተዉት።

ያኔ የቀመስኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሃ ውሃ የሚልና ኮምጣጣ ነበር። ብዙ ሰው ዘሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የአያያዝ ነበር። ማቭሩድ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ሜርሎ የሚባለው የፈረንሳይ ወይን መስከረም ላይ ሲለቀም እሱ ጥቅምትን ይጠብቃል። ዝናቡን የፈራ ገበሬ ቀድሞ ይቆርጠዋል። ቆዳው ጠቁሮ ስታዩት የደረሰ ይመስላል፤ ፍሬውን ነክሳችሁ ውስጡን ብታዩ ግን ዘሩ ገና አረንጓዴ ነው። ቡናን በአረንጓዴው ለቅሞ «ይርጋጨፌ ጣዕም የለውም» እንደማለት ነው።

ሌላም አለ። ማቭሩድ ብዙ ያፈራል። በበጋ ከዘለላው ተቆርጦ ካልተቀነሰለት ጣዕሙ ይሳሳል። በኪሎ የሚከፈለው ገበሬ ደግሞ ዘለላ ቆርጦ መሬት ላይ ሲጥል ያመዋል። እኔም ብሆን ያመኛል።

በወጉ የተያዘው ግን ሌላ ነው። ቀለሙ ድፍን ያለ፣ እንጆሪና ቅመም የሚሸት፣ ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ቆይቶ ለዓመታት የሚሻሻል።

በሶሻሊዝሙ ዘመን ለውጭ ገበያ ተብሎ ካበርኔና ሜርሎ የተባሉት የፈረንሳይ ዝርያዎች በብዛት ተተክለው ነበር። አልተሳሳቱም፣ ተሽጦላቸዋል። ግን ሜርሎ የያዘ ሰው ከፈረንሳይም ከቺሊም ጋር ይጋፋል። ማቭሩድን ከቡልጋሪያ ውጭ የሚተክለው እምብዛም የለም።

እናም ሪፖርታችሁ ላይ «ዝርያው አያዋጣም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት መቼ እንደተለቀመ ጠይቁ። ምን ያህል እንደተሸከመም ጠይቁ። ገበሬው በምን እንደሚከፈለውም እንዲሁ፤ ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም።