ጭስ፣ አቧራና ሲጋራ ሲደራረቡ ሳንባችን ምን ይሆናል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ስለ አየር ብክለትና ስለ ሳንባ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የአብዛኞቻችሁ ጥያቄ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ጎጂዎቹ አንድ ላይ ሲመጡስ?

ጥያቄ፦ ቤታችን አስፋልት ዳር ነው። እናቴ ደግሞ እንጀራ የምትጋግረው በማገዶ ነው። የሚጎዳት የመኪናው ጭስ ነው ወይስ የኩሽናው?

እህቴ፣ ሁለቱም፤ ሳንባዋ ውስጥ ይደመራሉ። ከናፍጣም ከማገዶም የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ እስከ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ጭስ መውጫ በሌለው ኩሽና ምጣድ ተጥዶ እሳት ሲነድ ግን መቶዎችን አልፎ ሺህ ሊደርስ ይችላል። መንገዱን ማንሳት ስለማትችሉ ከኩሽናው ጀምሩ፤ ከተቻለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ካልሆነ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ በደንብ የደረቀ እንጨትና ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ። ሕፃን አዝላ የምትጋግር እናት ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል። እባካችሁ ለዚያች ሰዓት ልጁን ሌላ ሰው ውጭ ይያዘው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጎጂ ነገር ሲገናኝ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ነው? ወይስ ከዚያም ያልፋል?

አንዳንዴ ያልፋል። በደንብ የተጠናው የአስቤስቶስና የሲጋራ ጉዳይ ነው፤ አስቤስቶስ እሳት የማይበላው፣ ክር መሳይ ማዕድን ነው። ዶክተር ኢርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ በአሜሪካና በካናዳ ቧንቧና ቦይለር በአስቤስቶስ ይሸፍኑ የነበሩ ከ17 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1979 ውጤቱን አወጡ። የማያጨስና አስቤስቶስ ያላገኘው ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ 1 ቢባል፣ አስቤስቶስ ብቻ ያገኘው 5፣ ሲጋራ ብቻ የሚያጨሰው 11 ገደማ፣ ሁለቱም ያሉበት ግን ከ50 በላይ ሆነ። 5 እና 11 ቢደመር 16 ነው! ኋላ የወጡ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል፤ መደራረቡ የሚያመጣውን ተጨማሪ ጉዳት ግን አልካዱም።

አንዱ ምክንያት ይኸውላችሁ። በመተንፈሻ ቧንቧችን ግድግዳ ላይ የገባውን ቆሻሻ ከአክታ ጋር ወደ ላይ የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ሲጋራ ያሽመደምዳቸዋል፤ መውጣት የነበረበት የአስቤስቶስ ክር እዚያው ይቀራል። ደግነቱ፣ ማጨስ ያቆሙ ሠራተኞች ላይ አደጋው ከዓመታት በኋላ በእጅጉ ቀንሶ ታይቷል።

ጥያቄ፦ ጋዝና ብናኝ ሲገናኙስ?

ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ውሰዱ፤ እንደ ድንጋይ ከሰል ያለ ነዳጅ ሲነድ የሚወጣ ጋዝ ነው። ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ ለብቻው ሲገባ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጥላሸት ካገኘ ግን ብናኙ ላይ ተለጥፎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀን የሸፈነው የድንጋይ ከሰል ጭስና ጉም ሁለቱንም የያዘ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል።

ጥያቄ፦ ማስክ ማድረግ ይበቃል?

የጨርቁ ለደቃቅ ብናኝ ብዙም አይረዳም። ኤን95 የሚባለው ብናኝ አጣሪ ማስክ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይዝም። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ካለ እጣኑም ይቅር።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን እጠርባለሁ፣ አጨሳለሁም። ከወር በላይ ያስለኛል። ከአቧራው ይሆን?

ወንድሜ፣ በግምት አትቆይ። የድንጋዩ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ጀርም የሚውጡትን ሴሎች ይገድላል፤ የቲቢን ባክቴሪያ የሚዋጉትም እነሱው ናቸው። ለዚህ ነው ሲሊካ የጎዳው ሳንባ በቲቢ ቶሎ የሚያዘው፤ ሲጋራው ደግሞ በላዩ ይጨምርበታል። ሥራህ ላይ ድንጋዩን ውኃ እያርከፈከፍክ ጥረብ፣ አቧራውን በደረቁ አትጥረግ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ። ስትገባ ድንጋይ እንደምትጠርብም እንደምታጨስም ራስህ ንገራቸው፤ ላይጠይቁህ ይችላሉ።