መልስ፦ የቦዬ ኮሚቴ ሐሳብ መልስ ሲያጣ

«የጅማው የቦዬ ረግረግ አማካሪ ኮሚቴያችን ያሳለፈው ሐሳብ ሁሉ ቢሮ ገብቶ ይቀራል» ላላችሁት፦ ቃለ ጉባኤ መላክ አቁሙ። ያን ሁሉ ገጽ የሚያነብ የለም።

1. በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፤ የትኛው ቦታ፣ ማን ምን ያድርግ፣ እስከ መቼ። «ረግረጉ ይጠበቅ» ለሚል ደብዳቤ መልስ አይገኝም። «ለጡብ የሚቆፈረው አፈር ክረምት ሳይገባ ይቁም» በሉ።

2. መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ። በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ከሌለ እንዳልገባ ቁጠሩት። ግልባጩን ለቀበሌው ስጡ።

3. የቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ የዚያ ደብዳቤ መልስ ይሁን።

አደራ፣ ጡብ የሚሠሩትን፣ ሣር የሚያጭዱትንና ከብት የሚያሰማሩትን ከኮሚቴው አታስቀሩ፤ ያልመከሩበትን ውሳኔ አያከብሩትም። የራሳቸው ጥቅም ሲነሳ ግን ተናግረው ድምፅ ሳይሰጡ እንዲወጡ በመተዳደሪያ ደንቡ አስፍሩ። ሐሙስም አትሰብስቧቸው፣ ገበያ ነው።