የትኛው ክላስ የትኛውን ይሽራል? ለጀማሪ ድረ ገጽ ሠሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ደብረ ብርሃን ድረ ገጽ መሥራት የጀመራችሁ ወጣቶች ሥራችሁን ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። ለአንኮበር የእንግዳ ማረፊያ፣ ለከተማችን ፋብሪካ የሠራችሁት ገጽ ያምራል። የገጹን መልክ የሚወስነውን የሲኤስኤስ ፋይል ስከፍተው ግን በየቦታው «ኢምፖርታንት» (!important) የሚለው፣ አንድን ደንብ በሌሎቹ ላይ በግድ የሚያነግሠው ቃል ተጽፎ አገኘዋለሁ፤ ያሳስበኛል። አዝራሩ ለምን ቀይ አልሆነም ብላችሁ ሳትጠይቁ አስገድዳችሁታል ማለት ነውና።

ሁለት ደንቦች ሲጋጩ ብራውዘሩ በዘፈቀደ አይፈርድም። የሰሌክተሩን፣ ማለትም ደንቡ የትኛውን የገጹን ክፍል እንደሚመለከት የሚናገረውን ጽሑፍ፣ ክብደት በሦስት ደረጃ ይመዝናል፤ ቀድሞ አይዲ (የአንድ ነገር ብቻ መለያ)፣ ቀጥሎ ክላስ (ብዙዎች የሚጋሩት ስም)፣ መጨረሻ የኤለመንቱ ስም (እንደ አዝራር ወይም አንቀጽ ያለው ዓይነቱ)። ደረጃዎቹ አይደመሩም። በድግስ ላይ ወጣቶች በብዛታቸው የሽማግሌውን መቀመጫ እንደማይወስዱ ሁሉ፣ መቶ ክላስ ብትደረድሩም አንድ አይዲ ያለውን ሰሌክተር አታሸንፉም። ስለዚህ ለስታይል አይዲ አትጠቀሙ። አንዴ ከገባ በኋላ የሚመጣው ሰው እርሱን ለመሻር ሌላ አይዲ ይጨምራል፣ ቀጣዩ ደግሞ «ኢምፖርታንት»፤ ፋይሉ በዚህ መንገድ ይበላሻል።

ክብደታቸው እኩል ከሆነ በሲኤስኤሱ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ይረታል። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የገጹ ይዘት በተጻፈበት በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ «ቀይ» የሚለውን ክላስ ከሌሎቹ በኋላ ስለጻፋችሁት ብቻ አያሸንፍም፤ እዚያ ያለው ቅደም ተከተል ምንም አይወስንም። ቡትስትራፕን፣ ሌሎች አዘጋጅተው የሰጡትን የሲኤስኤስ ላይብረሪ፣ ከራሳችሁ ፋይል በኋላ ካገናኛችሁትም፣ ክብደቱ እኩል በሆነበት ሁሉ የእናንተ ደንብ ይሸነፋል። ሁለቱን መስመሮች ማቀያየር ብቻ ስንቱን «ኢምፖርታንት» ያስቀር ነበር!

ዛሬ ከዚህም የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ሌየር የሚባለውን፣ ደንቦችን በንብርብር የሚከፍለውን ዘዴ፣ ይደግፋሉ። በፋይሉ አናት ላይ መጀመሪያ ላይብረሪው፣ ቀጥሎ የገጹ ክፍሎች፣ በመጨረሻ ትንንሾቹ ረዳት ክላሶች ብላችሁ ተራ ታወጣላችሁ። በተራው ኋላ የተጠራው ሌየር የሰሌክተሩ ክብደት ምንም ይሁን ምን ያሸንፋል፤ ቀድሞ የተጠራውን አይዲም አያድነውም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ሌየር ውስጥ ያልገባ ደንብ በሌየር ውስጥ ያለውን ይሽራል፤ ስለዚህ ላይብረሪውን ከውጭ ትታችሁ የራሳችሁን ብቻ ብታስገቡ ተሸናፊዎቹ እናንተ ናችሁ። «ኢምፖርታንት» ደግሞ ተራውን ይገለብጠዋል፤ ቀድሞ የተጠራው ሌየር የበላይ ይሆናል።

«ኢምፖርታንት» ጨርሶ አይነካ አልልም። አንድን ነገር ከገጹ ለመደበቅ ብቻ የተሠራ ረዳት ክላስ ቢይዘው ይገባኛል። ከሁሉ በላይ ግን በአንባቢው እጅ ያለው «ኢምፖርታንት» ይከበር። የአንባቢውና የገጹ ሠሪ «ኢምፖርታንት» ሲጋጩ፣ በመጀመሪያው የሲኤስኤስ መስፈርት የሚያሸንፈው የገጹ ሠሪ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የወጣው ሁለተኛው መስፈርት ግን ገለበጠውና የመጨረሻውን ቃል ለአንባቢው ሰጠ። ዓይናቸው የደከመ አንድ አባት በብራውዘራቸው ፊደሉ እንዲጎላ በዚህ መንገድ ካዘዙ፣ እናንተ በፋይላችሁ ምንም ብትጽፉ የእርሳቸው ትእዛዝ ይጸናል። እኔም መሆን ያለበት እንዲህ ነው እላለሁ።