መልእክቱ ተልኳል፤ ግን ደርሷል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው የጅምላ መደብራችን ዘጠኝ ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ተያይዘዋል። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ፕሮ ናቸው። በየቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን «ሒሳብ ዝጉ» የሚል ጽሑፍ በሁሉም ስክሪን ላይ በራሱ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ድሮ የማውቀውን «ኔት ሴንድ» የተባለ የመልእክት መላኪያ ትእዛዝ ስሞክር የሌሎች ትእዛዞች ዝርዝር እያሳየኝ ይመለሳል። በምን ልተካው?

መልስ፦ ኔት ሴንድ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የለም። ይሠራበት የነበረው ሜሴንጀር የተባለ አገልግሎት ከኢንተርኔት ለሚመጣ ማስታወቂያ መግቢያ ሆኖ ስለተገኘ፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 በኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ዘጋው፤ ኋላም ጨርሶ አወጣው። ዛሬ ቦታውን የሚሸፍነው «ኤምኤስጂ» ነው። በፕሮ አለ፣ በሆም እትም ግን የለም፤ መላኪያ የሚሆን ማሽን ሲገዙ ይህን ያጣሩ። ትእዛዙ እንዲህ ነው (ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት)፦

ኤምኤስጂ * /ሰርቨር:የተቀባዩ_ስም /ታይም:600 ሒሳብ ዝጉ

ኮከቧ «ማሽኑ ላይ ለገባ ሁሉ» ማለት ናት። 600 የሰከንድ ቁጥር ነው። ይህን ካልጻፉ መልእክቱ በ60 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይዘጋል፤ ገንዘብ የሚቆጥር ካሸር ቀና ሳይል ያልፈዋል።

ይህ ብቻውን ግን አይሠራም። በእያንዳንዱ ተቀባይ ላይ ሦስት ነገር ይስተካከላል። አንደኛ፣ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች ማከማቻ) ውስጥ ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ኮንትሮል፣ ተርሚናል ሰርቨር ድረስ ይውረዱና «አላው ሪሞት አርፒሲ» የሚለውን ከ0 ወደ 1 ይቀይሩ። ሁለተኛ፣ ኔትወርኩ «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡን አይተው በፋየርዎሉ የፋይልና የፕሪንተር መጋራትን ይፍቀዱ፤ የኔትወርክ በር (ፖርት) 445 የሚከፈተው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ በላኪውም በተቀባዩም ላይ ስሙና ፓስወርዱ አንድ የሆነ የአድሚኒስትሬተር አካውንት ይኑር። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለውን አካውንት በኔትወርክ በኩል አያስገባምና ባዶ መተው አያዋጣም። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ያስነሱት።

ስሕተት 5 ከመጣ የፈቃድ ችግር ነው፤ ወደ አንደኛውና ሦስተኛው ነጥብ ይመለሱ። 1722 ከሆነ ግን ላኪው ተቀባዩን አላገኘውም፤ ጠፍቷል፣ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይም ፋየርዎሉ ዘግቷል። ሁለቱን ማምታታት ግማሽ ቀን ያስፈጃል።

ዘጠኙን በአንድ ጊዜ ለማዳረስ ስማቸውን በአንድ የጽሑፍ ፋይል፣ በየመስመሩ አንድ አንድ አድርገው ይጻፉና ባች ፋይል (ትእዛዞች በተርታ የሚጻፉበት ፋይል) በ«ፎር» ትእዛዝ እየዞረ ያንብበው። በባች ፋይል ውስጥ የፐርሰንት ምልክቷ ሁለት ጊዜ ትጻፋለች፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የሠራው ትእዛዝ ባች ውስጥ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ስለምትረሳ ነው። ከመላኩ በፊት አንድ ፒንግ (ማሽኑ መስመር ላይ መኖሩን የሚጠይቅ ትእዛዝ) ይጨምሩ፤ አለበለዚያ በጠፋ ማሽን ላይ ሲጠብቅ የቀሩት ይዘገያሉ። መልእክቱ በአማርኛ ከሆነ ፋይሉን ያለ ቦም (መጀመሪያው ላይ የሚገባ ስውር ምልክት) በዩቲኤፍ 8 የፊደል አቀማመጥ ያስቀምጡ፣ አናቱ ላይም «ሲኤችሲፒ 65001» ይጻፉ፤ አስቀድመው በአንድ ማሽን ላይ ይሞክሩት።

ሰዓቱን የሚይዘው ታስክ ሼጁለር ነው። እዚህ የእኛ 11 ሰዓት 17:00 ተብሎ ይገባል፤ 11:00 ብለው ከሞሉት ሠራተኛው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሒሳብ ዝጉ ይባላል። ላኪው ላፕቶፕ ከሆነ «ቻርጀር ላይ ሲሆን ብቻ ጀምር» የሚለው ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣልና ያንሱት፤ መብራት በሄደበት ሰዓት መልእክቱን የሚያስቀረው እሱ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ሲአር2032 ባትሪውን ይመልከቱ። ከደከመ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ በድሮ ቤት የሚሠራ ቢሮ አለን። ኤምኤስጂን አስተካክለናል፤ ግን ወደ ጓዳው ክፍል አንዳንድ ቀን ይደርሳል፣ አንዳንድ ቀን አይደርስም። የምንጠቀመው ዋይፋይ ነው፣ መልእክቱንም የምንልከው በአይፒ አድራሻ ነው።

መልስ፦ የጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የዋይፋይን ሞገድ ይበላል፤ 5 ጊጋኸርዙን ከ2.4ቱ ይበልጥ። ወደ ጓዳው አንድ የኔትወርክ ኬብል መሳብ ይሻላል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያስኬዳል። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና እባካችሁ ግድግዳውን አትብሱት፤ ኬብሉን በበሩ ወይም በመስኮቱ ጠርዝ አሳልፉት። ችግሩ አድራሻውም ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩ ለማሽኑ ሌላ አይፒ ሲሰጠው መልእክቱ ወደ ቀድሞው አድራሻ ይሄዳል። በራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ቋሚ አይፒ ያዙለት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ላይ በቀትሩ ሙቀት ማሽኖቹን አጥፍተን ከሰዓት በኋላ ነው የምንመለሰው። በዚያ መሐል የተላከ የዕቃ ማዘዣ ማስታወቂያ ጠፍቶ ይቀራል። እስክንመለስ የሚያቆየው ነገር አለ?

መልስ፦ ኤምኤስጂ አያቆይም፤ በዚያች ቅጽበት ያልደረሰው አይደርስም። ለስብሰባ ጥሪ ይበቃል፣ ለዕቃ ማዘዣ ግን አይታመንም። የሚያስፈልጋችሁ ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ቧንቧዎችን በደካማ የሳተላይት መስመር ለመከታተል የሠሩት ስለሆነ፣ የሚቆራረጥ መስመርን አስቦ የተነሣ ነው። ሞስኪቶ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በማይጠፋ አንድ ማሽን ላይ ጫኑ፤ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያቆየው እሱ ነው።

ከእትም 2 ጀምሮ ሞስኪቶ እንደተጫነ ከራሱ ማሽን ውጪ ማንንም አይቀበልም። በማስተካከያ ፋይሉ «ሊስነር 1883» የሚል መስመር ጨምሩ፣ የፓስወርድ ፋይልም አዘጋጁለት። ፋይሉን የሚፈጥረው ትእዛዝ ላይ ያለውን «-ሲ» ለመጀመሪያው ሰው ብቻ ተጠቀሙ፤ ለሁለተኛው ከደገማችሁት የመጀመሪያው ይሰረዛል። ላኪውም ተቀባዩም ኪውኦኤስ 1 (መልእክቱ ቢያንስ አንዴ መድረሱ የሚረጋገጥበት ደረጃ) ይሁኑ። ተቀባዩ ቋሚ መለያ ይዞ ቢያንስ አንዴ ተገናኝቶ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ምንም አይቆይለትም። ለሁለት ማሽን አንድ መለያ ከሰጣችሁ ግን እየተፈራረቁ አንዱ ሌላውን ያስወጣዋል።

ፐርሲስተንስን (የተያዘውን መልእክት ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን ማስተካከያ) ስትከፍቱ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ሞስኪቶ ግን የያዘውን ወደ ዲስክ የሚጽፈው በየ1800 ሰከንዱ ነው፤ በመሐል መብራት ከሄደ የዚያ ግማሽ ሰዓት መልእክት ይጠፋል። «አውቶሴቭ ኦን ቼንጅስ»ን ትሩ፣ «አውቶሴቭ ኢንተርቫል»ን 1 አድርጉት፤ ያኔ በእያንዳንዱ ለውጥ ይጽፋል። ዩፒኤሱንም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ) ለዚህ ማሽን ብቻ አትስጡት። ስዊቹና ራውተሩ ከጠፉ ኮምፒውተሩ ቢበራም መስመር የለውም፤ ሦስቱንም በአንድ ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፣ ዩፒኤሱንም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አውጥታችሁ አየር ያለበት ቦታ አድርጉት፤ ሙቀት የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል።