ጎማው ይለጠፍ ወይስ ይቀየር? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ከአጋሮ ስመለስ ቪትዜን ሚስማር ወጋት። ጎሚስታው ጎማውን ሳያወልቅ ከውጭ በላስቲክ ክር ደፈነልኝ። አየር አይቀንስም። አዲስ አበባ ብሄድበትስ?» (ከአጂፕ)

እንዲህ ሆኖ አይሂዱበት። ክሩ ቀዳዳውን ደፈነ እንጂ ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አላየም። ጎማው ከቸርኬው ይውለቅና ይታይ። ቀዳዳው መሬት በሚነካው ፊት ላይ ከሆነና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ (ከእርሳስ ትንሽ የሚቀጥን ማለት ነው) ይጠገናል። ደህናው ጥገና ቀዳዳውንም የሚሞላ፣ ከውስጥም የሚለጠፍ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ጎማው ከተነፈሰ በኋላ ምን ያህል ነዱበት? አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በቸርኬውና በአስፋልቱ መሃል እየታሸ ከውስጥ ይፈርሳል። ሲወልቅ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ከተራገፈ፣ ወይም ጎኑ ዙሪያውን ከውስጥ ተልጦ ከታየ፣ ቀዳዳው የመርፌ ቢያህል እንኳ ጎማው አብቅቶለታል። እኔ በዚያ ጎማ የግቤን ቁልቁለት አልወርድም።

«ጉድጓድ ከመታሁ ወዲህ የጎማው ጎን አብጧል። አየር ግን ይይዛል።» (ከፈረንጅ አራዳ)

ይቀየር። የጎማው ጎን ውስጥ ያለው፣ ጎማውን አጽንቶ የሚይዘው ክር ተበጥሶ ነው ያበጠው። አየር መቀነስም መፍትሔ አይደለም፤ ይብሱን ያሞቀዋል።

«የባጃጄ የፊት ጎማ ጎኑ ተቀዶ ከመነዳሪው ይታያል። ጎሚስታው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከውስጥ ደርቦልኝ እየሠራሁበት ነው።» (ከመርካቶ)

ወንድሜ፣ ከመነዳሪ የተበሳ ጊዜ ይለጠፋል፣ ነውርም የለውም። ጎማው ከተቀደደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከመነዳሪው አየር ይይዛል እንጂ ክብደቱን የሚሸከመው ጎማው ነው። ባጃጅ ደግሞ ከፊት ያላት አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱ ከፈነዳ መሪው ከእጅህ ይወጣል። የጎማ ዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሌላውን ወጪ አዘግይተህ ይህን ዛሬ ቀይር።

«ያገለገለ ጎማ በርካሽ አገኘሁ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ልግዛው?»

ጥርሱን ከማየትዎ በፊት ዕድሜውን ይዩ። ጎኑ ላይ በዲኦቲ (DOT) ፊደላት የሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ በእኛ ግንቦት መጨረሻ 2011 ገደማ መሆኑ ነው። ነጋዴው «የ19 ነው» ሲልዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁት። 10 ዓመት ያለፈውን፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀውን ይተዉት። ውስጡንም በእጅዎ ይዳስሱ፤ የተለጠፈበት ካለ ያገኙታል።

«ሚስማሩን መንገድ ላይ ልንቀለው?»

አይንቀሉት። ቀዳዳውን የደፈነልዎ ራሱ ሚስማሩ ነው። አየሩ ከቆየ በዝግታ ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ይንዱ፤ ከቀነሰ እዚያው ቆመው ስኮርታውን ይግጠሙ። ለነገሩ ስኮርታዎ አየር አለው?