«ደንገጎ ላይ ነው የሚብሰው» ያለኝን ሰው ባዳምጠው ኖሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ጋራዥ መጣ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ሞተር ሳይክል ይጠግናል፣ ሥራውን ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ ዳሽቦርድ አንዴ እየበራ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግር ይቀየራል ወይስ ይሠራል?» አለኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። «ሌላ ቀን እናወራለን» ብዬ ሸኘሁት። ይህንን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ በዚህ ሙያ ላይ ላላችሁ ወጣቶች ሁሉም ይሁን።

ከአስራ አምስት ዓመት በፊት ከዚራ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ ነበረችኝ። አንድ መምህር ደንበኛዬ ነበር። ሐረር ያስተምራል፣ ቤተሰቡ ድሬ ነው። አርብ ማታ ይወርዳል፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ በዚያች ሞተር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር። አንድ ቀን መጣና ችግሩን ነገረኝ። የዳሽቦርዱ መብራት ይጠፋል። የነዳጁ መርፌ ይዘላል። ፍሬቻ ሲያበራ የማይመለከተው መብራት ሁሉ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ሜዳው ላይ እኮ ደህና ናት፣ ደንገጎ ላይ ነው የሚብሰው፣ ጠመዝማዛው ላይ» አለኝ። ደንገጎ ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለው ዳገት ነው።

መልሱን ራሱ ነግሮኝ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ሞተሯን በማቆሚያዋ አቆምኳት፣ መሪዋ ቀጥ እንዳለ። ቁልፍ ከፈትኩ። ሁሉም በራ። ደንገጎ ከድሬ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ዳሽቦርዱ ውስጥ እርጥበት ገብቷል፣ እዚህ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ሽቅብ ሲወጣ መልሶ ይብሳል ብዬ ወሰንኩ። ግምቱ ለራሴ በጣም አሳመነኝ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) እንኳን አላነሳሁም። «ዳሽቦርዱ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» አልኩት።

ከአዲስ አበባ አስመጣ። ዋጋው ከወር ደሞዙ ይበልጥ ነበር። ብሩን ሲቆጥርልኝ ግማሹን ከኪሱ አወጣ፣ ግማሹን ደግሞ በሴት መሐረብ ከተቋጠረ። ያ መሐረብ አረንጓዴ ነበር፣ ጫፉ ላይ አበባ የተጠለፈበት። ሌላውን ሁሉ ብረሳ እሱን አልረሳውም።

አዲሱን ገጠምኩ። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ያው በሽታ ተመለሰ።

ያን ዕለት ማታ ጋራዡን ዘግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ዳሽቦርዱ ሶኬት ላይ ባለው የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለስበት) ላይ አደረግሁ። ቁልፍና መብራት ከፈትኩ። ደህና ማሳ ከሆነ ዜሮ አጠገብ ነው ማንበብ ያለበት፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ጥርጣሬ ነው። መሪው ቀጥ እንዳለ ደህና ነበር። እስከ ጥግ ወደ ግራ ሳዞረው 4 ቮልት አለ። መለስኩት፣ ወረደ። አዞርኩት፣ ወጣ። አንገቱ ጋ ያለውን የሽቦ ጥቅል ፈትቼ እያንዳንዱን በጣቴ አጠፍኩት። አንዱ እንደ ክር ልፍስፍስ አለ። ላስቲኩ ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጣጥሷል። ደንገጎ ላይ መሪው ግራ ቀኝ ሲጠመዘዝ ይላቀቃል፣ ሜዳው ላይ ይገናኛል። አዲሱን ስገጥም ሽቦውን ስለነካካሁት ነው ሁለት ሳምንት የቆየው።

አንድ ስንዝር ሽቦ ቀጠልኩበት። በቃ።

ጠዋት ሲመጣ «ሶኬቱ ላልቶ ነበር» አልኩት። ዋሸሁት። ገንዘብ አልቀበልም ስለው ደግ የሆንኩ መስሎት አመሰገነኝ። በሳምንቱ አንድ ፌስታል የባቢሌ ኦቾሎኒ ይዞልኝ መጣ። አሮጌው ዳሽቦርድ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር፣ በባትሪ ስሞክረው ቀጥ ብሎ ሠራ። ከጊዜ በኋላ ሐረር ወጥቼ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ተዛውሯል አሉኝ።

በጣም የሚያናድደኝ አስቀድሜ የማውቀው ነገር መሆኑ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ምድር ባቡር ያደጉ አዛውንት ናቸው። ሁለት ሽቦ የተበየደበት አምፖል ከኪሳቸው አይጠፋም። በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ ሽቦ ቴስተር ላይ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ አምፖል ሲጫንበት ግን ይደክማል፤ ይህንን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ ከጭቃ የወጡ ሞተሮች እሳቸው ጋ መጥተው ነበር። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ አስፈቱኝ። ያልተፈቱት ከወራት በኋላ ውስጣቸው አረንጓዴ ሆኖ ተመለሱ። አንዷን ሞተር ማንም መጥቶ አልወሰዳትም። ከግድግዳው ጥግ ሆና ዓመት አለፋት።

እናንተ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው። እኔ በመነጽር የማላየውን ነጥብ ትበይዳላችሁ። ግን ትቸኩላላችሁ። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ከዚያ ዕቃ መቀየር ነው። ባለቤቱ እያወራ እናንተ ብሎን ትፈታላችሁ። አቦ፣ አስጨርሱት እንጂ! መቼ ነው የሚጠፋው? ስታዞር ነው? ፍሬቻ ስታበራ ነው? ዝናብ ሲመታው ነው?

ፊውዝና ባትሪ እዩ ብዬ አልነግራችሁም፣ ታውቃላችሁ። የማሳ ሽቦ ሁሉ ጥቁር እንዳይመስላችሁ ግን። ያማሃ ላይ ጥቁር ነው፣ ሆንዳ ላይ አረንጓዴ። ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ15 ቮልት በላይ ካያችሁ የቻርጁን ቮልት የሚመጥነው ሬጉሌተር ሄዷል፤ አዲስ ዳሽቦርድ ብትገጥሙ እሱም ሊቃጠል ይችላል።

ሳይለካ ዳሽቦርድ አይቀየርም ብዬ እምላለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባለፈው ወር አንዱን ዲጂታል ሳልለካ ቀይሬዋለሁ። ውሃ ገብቶ የውስጡ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተበልቷል፣ በዓይን ይታያል። ስክሪኑ ጠቆረ ተብሎ ሲመጣ ግን ወዲያው አትቀይሩ። የድሬ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስገቡትና ጠብቁት፤ ሲበርድ ሊመለስ ይችላል።

ልጄ፣ ያቺን ሞተር ሰኞ ጠዋት ከሙቀቱ በፊት አምጣት። ባትሪዋን ቻርጅ አድርገህ ና። ባለቤቱንም ይዘኸው ና፣ መጀመሪያ እሱን ነው የምንጠይቀው።